የኒም ፍሬ ገዢ ይፈልጋል

ድሬዳዋን የሚያውቅ ሰው ኒምን ያውቃል። የከተማዋን ሙቀት ከሚያስታግሱት ጥላዎች አንዱ ይኸው ዛፍ ነው። ጎዴም፣ ጋምቤላም፣ አሳይታም፣ መተማም ከግቢና ከመንገድ ዳር አይታጣም። ቅጠሉን ቀቅሎ ቁስል የሚያጥብበት፣ ቀንበጡን ቆርጦ ጥርሱን የሚፍቅበት ሞልቷል። ፍሬው ግን ባለቤት የለውም። ቢጫ ሆኖ ሲበስል ወፍና የሌሊት ወፍ ይለቅሙታል፤ የተረፈው ይረግፋል፣ ይረገጣል፣ ከአቧራ ጋር ተጠርጎ ይጣላል።

እዚያው ቆላ ውስጥ አትክልት የሚያለማው ገበሬ ደግሞ ተባይ በታየ ቁጥር የሚሮጠው ወደ ሱቅ ነው። በስምጥ ሸለቆ፣ በመቂና በባቱ ዙሪያ ባሉ የሽንኩርትና የቲማቲም ማሳዎች፣ ተመራማሪዎች ደጋግመው እንደመዘገቡት፣ ሁለትና ሦስት ዓይነት ኬሚካል በአንድ መርጫ ቀላቅሎ ያለ ጓንትና ያለ አፍንጫ መሸፈኛ መርጨት የተለመደ ነው። ባዶው ዕቃ ታጥቦ ቤት ይገባል። ሐረርጌ ውስጥ ለወባ መከላከያ የመጣ ዲዲቲ ጫት ላይ ሲረጭ መኖሩም ምስጢር አይደለም። አገሪቱ ጊዜው ያለፈበት ፀረ ተባይ በየመጋዘኑ አከማችታ ከመቆየቷ የተነሳ፣ በ2000ዎቹ መጀመሪያ (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት፣ ከአዋጅ ቁጥር በቀር፣ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው) ከአንድ ሺህ ቶን የሚበልጠው ተለቅሞ እንዲቃጠል በመርከብ እስከ ፊንላንድ ተልኳል። መርዙን በውጭ ምንዛሪ አስገብቶ በለጋሽ ገንዘብ ማስወጣት ማለት ይህ ነው።

ታዲያ ስለ ኒም ሲወራ አዘውትሮ የሚሰማው ስብከት ነው። «ተፈጥሯዊ ነው፣ ነፃ ነው፣ ከጓሮ ለቅሞ መርጨት ነው» ይባላል፤ ሥልጠና ይሰጣል፣ ፎቶ ይነሳል፣ ፕሮጀክቱ ሲያልቅ ነገሩም አብሮ ያልቃል። ኒም ተባይ እንደሚከላከል ከተረጋገጠ ከግማሽ ምዕተ ዓመት በላይ ሆኖታል። ለገበሬው ሌላ ስብከት አያስፈልገውም። የጎደለው ፍሬውን በወቅቱ የሚያስለቅም፣ በጥላ የሚያደርቅ፣ በኪሎ የሚገዛና ጥራቱን የሚለካ ሰው ነው።

በ1959 ሃይንሪሽ ሽሙተረር የተባለ ጀርመናዊ የነፍሳት ተመራማሪ ሱዳን ውስጥ ነበር። የበረሃ አንበጣ መንጋ ወርዶ ያገኘውን ልምላሜ ሁሉ ሲያራቁተው፣ ኒሞቹ ግን ቅጠላቸው ሳይነካ ቀሩ። አንበጣው ዛፉ ላይ ያርፋል፣ ሳይበላ ይነሳል። ህንዶች ለዚህ ነገር እንግዳ አልነበሩም፤ የኒም ቅጠል በእህልና በልብስ መሀል ሲያስቀምጡ የኖሩ ናቸው። ለሽሙተረር ግን የዕድሜ ልክ ሥራ ሆነለት። በ1968 እንግሊዝ አገር በኪል ዩኒቨርሲቲ በተርወርዝና ሞርጋን የተባሉ ኬሚስቶች አዛዲራክቲን የሚባለውን ንጥረ ነገር ከዘሩ ለይተው አወጡ። የካምብሪጁ ስቲቨን ሌይና ባልደረቦቹ ይህንኑ ሞለኪዩል በቤተ ሙከራ ለመሥራት 22 ዓመት ፈጅቶባቸው የተሳካላቸው በ2007 ነው። ፋብሪካ እንዲህ ያለውን ነገር አስመስሎ ሠርቶ በርካሽ ሊያቀርበው ስለማይችል ገበያው አሁንም ያለው ዛፉ ዘንድ ነው።

አዛዲራክቲን የሚሠራው እንደ ሱቅ መድኃኒት አይደለም። ትሉ የተረጨበትን ቅጠል ሲቀምስ መጀመሪያ የምግብ ፍላጎቱ ይዘጋል። ጥቂት ከበላ ደግሞ ንጥረ ነገሩ ቆዳ ቀይሮ እንዲያድግ የሚያዘውን የሆርሞን ሥርዓት ያዛባበታል። የሚያድግ ትል አሮጌውን ቆዳ አውልቆ መጣል አለበት፤ ኒም የበላው ትል ግን ማውለቁን ይጀምርና መጨረስ ያቅተዋል። ቆዳው ከፊሉ ተላቆ ከፊሉ ተጣብቆ፣ ሳይበላና ሳይራመድ እዚያው ይደርቃል። ይህ ሁሉ ቀናት ይፈጃል። ጠዋት ረጭቶ ማታ የሞተ ትል መቁጠር የለመደ ገበሬ በማግስቱ ማሳው ገብቶ ትሎቹ በሕይወት እንዳሉ ሲያይ «አይሠራም» ብሎ መርጫውን ይጥላል። ማየት የነበረበት አዲስ የተበላ ቅጠል መኖር አለመኖሩን ነው። የልማት ጣቢያ ሠራተኛው ይህን አንድ ነገር ካላስረዳ የቀረው ሥልጠና ከንቱ ነው።

ቅጠል ሳይበሉ ሌሎች ነፍሳትን እያደኑ የሚኖሩት ጢንዚዛዎችና ሸረሪቶች በአብዛኛው ይተርፋሉ። ተባዩም ኒምን በቀላሉ አይለምደውም። በ1995 ካናዳ ውስጥ የታተመ ሙከራ አለ፦ አንዱ የክሽክሽ ወገን ለ40 ትውልድ ንፁህ አዛዲራክቲን፣ ሌላው ደግሞ ሙሉው የኒም ዘር ጭማቂ ሲረጭበት ቆየ። ንፁሁን ንጥረ ነገር ያገኘው ዘጠኝ እጥፍ የመቋቋም ኃይል አዳበረ፤ ጭማቂውን ያገኘው ግን ምንም አላዳበረም። ዘሩ ውስጥ ያሉት ሌሎች ውህዶች ተባብረው ስለሚሠሩ ነው። በሌላ አነጋገር፣ በሙቀጫ የተወቀጠው ከተጣራው የተሻለበት ጉዳይ አለ ማለት ነው።

አዘገጃጀቱ ሲያዩት የወጥ ቤት ሥራ ይመስላል። የበሰለው ፍሬ በውኃ ታሽቶ ሥጋው ከዘሩ ይላቀቃል። ዘሩ ነፋስ በሚያገኘው ጥላ ስር ይሰጣል። ፀሐይ ላይ ከተሰጣ አዛዲራክቲኑ ይከስማል፤ እርጥበቱ ሳይለቅ በፕላስቲክ ከረጢት ከታሰረ ይሻግታል፣ ሻጋታውም አፍላቶክሲን የሚያመርተው ዓይነት ሊሆን ይችላል። ስለዚህ መያዣው አየር የሚያስገባ ጆንያ መሆን አለበት። ከዚያ ቅርፊቱ ተሰብሮ አስኳሉ ይወጣል፣ ይወቀጣል። ህንድ ውስጥ የሚመከረው መጠን ለአንድ ሊትር ውኃ 50 ግራም ነው፤ 20 ሊትር ለሚይዝ መርጫ አንድ ኪሎ መሆኑ ነው። ዱቄቱ በጨርቅ ተቋጥሮ ውኃ ውስጥ ያድራል፤ ከዚያ ደጋግሞ ታሽቶ ይጨመቃል። ነጣ ያለ፣ ወተት መሳይ፣ መራራ ውኃ ይወጣዋል። ካልተጣራ የመርጫውን አፍንጫ ስለሚደፍን በጥሩ ጨርቅ ይጠለላል፤ ቅጠሉ ላይ እንዲይዝም ጥቂት ሳሙና ይጨመርበታል። የሚረጨው ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ነው፤ ብርሃን በጥቂት ቀናት ውስጥ ያፈርሰዋልና። ዝናብ ከመጣ ደግሞ ያጥበዋል፣ እንደገና መርጨት ነው።

አሁን ሒሳቡን ማስላት ነው። ለአንድ ሄክታር 500 ሊትር ቢረጭ 25 ኪሎ አስኳል ያስፈልጋል። አንድ የደረሰ ኒም በዓመት የሚሰጠው ከ30 እስከ 50 ኪሎ ፍሬ ነው፤ ሥጋው፣ ውኃውና ቅርፊቱ ሲወጡለት የሚቀረው አስኳል ጥቂት ኪሎ ብቻ ነው። ስለዚህ አንዲት ሄክታር ጎመን አንድ ጊዜ ለመርጨት የበርካታ ዛፎች የዓመት ምርት ይጠይቃል፤ ርጭቱ ደግሞ በየሳምንቱ ወይም በየአሥር ቀኑ ይደጋገማል። ፍሬው የሚደርስበትና ተባዩ የሚነሳበት ወቅት ሁልጊዜ ስለማይገጥም ማከማቸትም ግድ ነው። «ነፃ ነው» የሚለው ስብከት ይህን ሁሉ ይዘለዋል። ለቃሚዋ፣ አሺዋ፣ ወቃጯ ብዙ ጊዜ ሴት ናት፤ ውኃ ቀድታ፣ እንጨት ለቅማ፣ እህል ፈጭታ በተረፋት ሰዓት ማለት ነው። ጉልበቷ በማንም ሒሳብ ውስጥ ስላልገባ ብቻ ነፃ ሊባል አይገባም።

የኒም ነገር ለኢትዮጵያ ተመራማሪዎች አዲስ አይደለም። መጤው ተምች በ2017 መጀመሪያ በሸካ ዞን የኪ ወረዳ ታይቶ በወራት ውስጥ የበቆሎ አብቃይ አካባቢዎችን ሲያዳርስ፣ ገበሬው እስከ እጅ ለቀማ ደርሶ ነበር። ከሁለት ዓመት በኋላ ኢትዮጵያውያን ተመራማሪዎች ከአጋሮቻቸው ጋር ባሳተሙት ጥናት፣ ቤተ ሙከራ ውስጥ ከተፈተኑት ዕፅዋት መካከል ኒም፣ ቁንዶ በርበሬና እንዶድ በ72 ሰዓት ውስጥ ከ95 በመቶ በላይ የሚሆኑትን ትሎች ገድለዋል። ሦስቱም እዚሁ አገር ውስጥ የሚገኙ ናቸው። እርግጥ ቤተ ሙከራ ሌላ፣ ማሳ ሌላ ነው። ተምቹ የበቆሎው እምብርት ውስጥ ገብቶ ከተሸጎጠ በኋላ ምንም ቢረጭ አያገኘውም፤ ኒም የሚጠቅመው ትሉ ገና ትንሽ ሳለ ነው። በአርባ ምንጭ ዙሪያ ያሉ ጥጥ አምራች ገበሬዎች የሠሩት ለዚህ ጥሩ ማስረጃ ነው። ማሳቸውን በየጊዜው እየቃኙ፣ ተባይና ወዳጅ ነፍሳትን እየቆጠሩ፣ የኒም ጭማቂ የረጩት ቆጠራው ሲያስገድዳቸው ነበር፤ በ2018 ለአገሪቱ የመጀመሪያውን የኦርጋኒክ ጥጥ ምስክር ወረቀት አግኝተዋል። እዚያም ቢሆን ኒሙ ብቻውን አልነበረም። መቁጠር የተማረ ዓይን ባይኖር ኖሮ ጭማቂው ብቻውን የትም ባላደረሳቸው ነበር።

አንበጣ ግን ሌላ ነገር ነው። በ2019 እና በ2020 እንደታየው ያለ መንጋ ሲወርድ ኒም ይዞ መውጣት ዝናብን በጃንጥላ እንደማቆም ነው። ኒም ሊያደርግ የማይችለውን የሚያስወራለት ሰው ወዳጁ አይደለም።

ደግሞ የትኛው ኒም? ደጋ ላይ፣ አዲስ አበባ ውስጥ ጭምር፣ ብዙ ሰው ኒም እያለ የሚያሳየው ዛፍ ዘመዱ ሜሊያ ነው። ሁለቱ ከአንድ ቤተሰብ ስለሆኑ መመሳሰላቸው አያስገርምም። ኒም ግን ውርጭ የማይችል የቆላ ዛፍ ነው፤ ከ1,500 ሜትር ከፍታ በላይ ብዙም አይመቸውም። መለያው ቀላል ነው። የኒም ቅጠል በአንድ ዘንግ ግራና ቀኝ ይደረደራል፤ የሜሊያ ዘንግ ግን ቅርንጫፍ ሠርቶ እንደገና ይከፋፈላል። የኒም ፍሬ እንደ ወይራ ሞላላ ነው፣ ሲበስል ይረግፋል፤ የሜሊያው ድቡልቡል ሆኖ ቅጠሉ ከረገፈ በኋላ እንኳ በዘለላ ተንጠልጥሎ ይቆያል። ልዩነቱ ዋዛ አይደለም። የሜሊያ ፍሬ ሰውንም ከብትንም ይመርዛል።

ኒምም ራሱ «ተፈጥሯዊ» ስለተባለ እንደ ጠበል የሚታይ አይደለም። በ1981 ከማሌዥያ የወጣ የሕክምና ዘገባ የኒም ዘይት ከተጋቱ በኋላ በጠና ስለታመሙ 13 ሕፃናት ይናገራል፤ ለጉንፋንና ለሆድ መድኃኒት ተብሎ በቤት የተሰጣቸው ነበር። ጭማቂው ወንዝና ኩሬ ከገባ ለዓሣና ለውኃ ነፍሳት አይበጅም። ንብ ቀስሞ በሚዞርበት ሰዓት አበባ ላይ መርጨትም ነውር ነው። ይህን ተናግሮም ከዲዲቲ ጋር በአንድ ሚዛን የሚያስቀምጠው ጤነኛ ሰው የለም፤ ግን ሰው በልኩ እንዲጠነቀቅለት ይገባል።

የኒምን ዋጋ ቀድመው የተረዱት ነጋዴዎች ናቸው። ሮበርት ላርሰን የሚባል የዊስኮንሲን እንጨት አስመጪ ከህንድ ዘሩን ያስመጣ ጀመር፤ ያዘጋጀው ማርጎሳን-ኦ በ1985 የአሜሪካን የአካባቢ ጥበቃ ኤጀንሲ ፈቃድ አገኘ፤ በ1988 መብቱን ደብሊው አር ግሬስ ለተባለው ግዙፍ የኬሚካል ኩባንያ ሸጠ። ግሬስ ከአሜሪካ ግብርና መሥሪያ ቤት ጋር ሆኖ በኒም ዘይት የሻጋታ በሽታን ለመከላከል የአውሮፓ ፓተንት በ1994 ወሰደ። ህንዳዊቷ ቫንዳና ሺቫና አጋሮቿ «ይህ ገበሬዎቻችን ሲሠሩበት የኖሩት ነው» ብለው ተሟገቱ፤ ፓተንቱ በ2000 ተሰረዘ፣ ይግባኙም በ2005 ወደቀ።

ይህ ታሪክ ለኢትዮጵያ ጆሮ አዲስ አይደለም። አክሊሉ ለማ በ1964 አድዋ ላይ ሴቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት ወንዝ ታች ቀንድ አውጣዎች ሞተው አየ፤ የቢልሃርዚያ አስተላላፊ የሚገደልበት መንገድ ከዚያ ተገኘ። በ1990ዎቹ ደግሞ የአሜሪካው ቶሌዶ ዩኒቨርሲቲ እንዶድን የውኃ ቱቦ በሚደፍን የቀንድ አውጣ ዘመድ ላይ ለመጠቀም ፓተንት አወጣበት። ኢትዮጵያ እስካሁን በእንዶድ የምትታወቅበት ፋብሪካ የላትም። ህንድ ግን የፓተንት ክርክሩን ድል ይዛ አልተቀመጠችም። የእሷ የፀረ ተባይ ምዝገባ የኒም ውጤቶችን በያዙት የአዛዲራክቲን መጠን፣ 300፣ 1,500፣ 10,000 እያለ በሚሊዮን እጅ ይመድባቸዋል፤ ስለዚህ ገዢው ምን እንደገዛ ያውቃል። ኢትዮጵያ ውስጥም የፀረ ተባይ ምዝገባና ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 674/2002 ያልተመዘገበ ፀረ ተባይ ገበያ እንዳይወጣ ያዛል። ትክክል ነው። ነገር ግን ከውጭ የሚገባ ኬሚካል ለሚያስመጣ ኩባንያና የወረዳ ፍሬ ጨምቆ ለሚሸጥ የወጣቶች ማኅበር አንድ ዓይነት በር ብቻ ከተከፈተ፣ ሁለተኛው በሩን አያልፍም። ለአገር በቀል የዕፅዋት ዝግጅት አጠር ያለ ፋይልና በመንግሥት ቤተ ሙከራ በርካሽ የሚሠራ የአዛዲራክቲን ምርመራ ሊኖር ይገባል።

ህንድ ኒምን ወደ ገንዘብ የቀየረችበት ትልቁ መንገድ ግን ተባይ አልነበረም፤ ማዳበሪያ ነበር። በ2015 የአገሪቱ መንግሥት የሚመረተው ዩሪያ በሙሉ በኒም ዘይት እንዲለበጥ አዘዘ። ዘይቱ ናይትሮጅኑ አፈር ውስጥ ቀስ ብሎ እንዲለቀቅ ያደርጋል፤ በድጎማ የተሸጠው ዩሪያ ወደ ኬሚካል ፋብሪካ እንዳይሾልክም ይከለክላል። ጉጃራት ውስጥ ጂ ኤን ኤፍ ሲ የሚባለው የማዳበሪያ ኩባንያ ዘይቱን ለማግኘት ብሎ በየመንደሩ ማሰባሰቢያ ከፈተ። የገጠር ሴቶች ከየመንገዱ ዳር የሚረግፈውን ዘር ለቅመው በሚዛን ያስረክባሉ፣ ገንዘባቸውን ይቀበላሉ። ዘይቱ ለዩሪያ ይውላል፤ ፋጉሎው አፈር ላይ ተበትኖ ሥር የሚያጠቃ ትልን ለመከላከል ይጠቅማል፤ ከቀረው ዘይት ሳሙና ይሠራል። ፍሬው ገዢ ሲያገኝ ለቃሚ አላጣም።

እዚህ ላይ የጎዴ ነገር ይነሳል። በኦገስት 2025 የኢትዮጵያ ኢንቨስትመንት ሆልዲንግስና ዳንጎቴ ግሩፕ በጎዴ የዩሪያ ፋብሪካ ለማቋቋም ተፈራርመዋል፤ ወጪው 2.5 ቢሊዮን ዶላር፣ የታሰበው ምርት በዓመት እስከ 3 ሚሊዮን ቶን ነው። ጎዴ የኒም አገር ናት። የህንድ መስፈርት በአንድ ቶን ዩሪያ ላይ ቢያንስ 350 ግራም የኒም ዘይት ይጠይቃል። ፋብሪካው በሙሉ አቅሙ ሲሠራ ይህ ከአንድ ሺህ ቶን የሚበልጥ ዘይት ነው። ከ30 ኪሎ ዘር ወደ 6 ኪሎ ዘይት እንደሚወጣ ቢታሰብ ደግሞ ከ5,000 ቶን በላይ ዘር በየዓመቱ ይፈልጋል። ከዚያ ሌላ ብዙ ፋጉሎ ይተርፋል። አስኳሉን ለተባይ መከላከያ የሚፈልጉት የአትክልትና የጥጥ ገበሬዎችም በዚያው ማሰባሰቢያ፣ በዚያው ሚዛን፣ ጥላ ላይ ደርቆ የተመረመረ ዘር መግዛት ይችላሉ። ትልቁ ገዢ የሚከፍተውን መንገድ ትንንሾቹ ይጓዙበታል።

ዛፍ ትከሉ ሲባል ግን ፕሮሶፒስ የሚባለው መጤ ዛፍ የአፋርን ግጦሽ ወሮ ያደረሰውን ጉዳት መርሳት አይገባም። እሱም በበረሃ የሚለመልም በጎ ዛፍ ተብሎ ነበር የገባው። ኒም በሰሜን አውስትራሊያ እንደ አረም ተመዝግቦ ቁጥጥር ይደረግበታል፤ ወፍ ዘሩን ወደ ወንዝ ዳር ስለሚወስደው ነው። ስለዚህ የሚተከለው በከተማ፣ በመንገድ ዳር፣ በእርሻ ድንበርና በፋብሪካው ዙሪያ እንጂ በአዋሽና በዋቢ ሸበሌ ዳር ባለ የግጦሽ መሬት ላይ አይደለም። ፍሬው ሁሉ ከተለቀመ ደግሞ ወፍ የሚዘራው ይቀንሳል፤ ገበያው ራሱ አንዱ መቆጣጠሪያ ነው።

የጎዴው ፋብሪካ ይጠናቀቃል የተባለው በ40 ወራት ነው። ኒም ተተክሎ ፍሬ ለመስጠት ከሦስት እስከ አምስት ዓመት ይፈጅበታል። ሁለቱ ቁጥሮች ይቀራረባሉ። የሶማሌ ክልል ችግኝ ጣቢያዎች ዘር መደብ ላይ ማፍሰስ የሚጀምሩት ዘንድሮ ከሆነ ይደርሳሉ። የኒም ዘር ከሳምንታት በኋላ የመብቀል ኃይሉን ስለሚያጣም ከዛፉ እንደወረደ ወዲያው መዘራት ይኖርበታል።